ሰፊው ጎማና የአክስቴ መሐላ

ባለፈው ሳምንት ደሴ ፒያሳ አጠገብ ካለ ጎሚስታ ቤት ሁለት ጎማ ልገዛ ቆምሁ። መኪናዬ አሮጌ ናት፤ ዝናብ ሲጥል ኩርባ ላይ ኋላዋ ይንሸራተታል። ጎሚስታው ከቀድሞው ሰፋ ያለ ጎማ እያሳየኝ፣ «ይሄ መንገድ ይይዝልሻል» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ግን ከኋላ ስንት ሰው ትጭኛለሽ?» ሲል ጠየቀኝ። ጎንበስ ብዬ ጎማውን በእጄ ዳሰስሁት። የአዲሱ ጎማ ሽታ አባቴን፣ የሐረጎን ዳገትና አክስቴን ዘይነባን አምጥቶብኝ ነበር።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ አባቴ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ ትንሽ መኪና ነበረችው። እኛ ደሴ፣ ታላቅ እህቱ ዘይነባ ደግሞ ኮምቦልቻ እንኖር ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት። ስለዚህ በቤታችን አረፋ የሚጀመረው አክስቴ መጥታ ስትመርቅ ነው። አንድ ክረምት ለበዓሉ ስናመጣት በሁለቱ ከተሞች መሀል ባለው የሐረጎ ዳገት ላይ የመኪናዋ ኋላ ተንሸራትቶ ወደ ገደሉ ዞረ። የመንገዱ ዳር ድንጋይ ባይዘን ኖሮ እንገባ ነበር። አክስቴ ወረደች፣ ሻሿን አስተካከለችና፣ «ወላሂ፣ ሁለተኛ እዚህች መኪና ላይ አልወጣም» ብላ የቀረውን ዳገት በእግሯ ወጣች። አውቶቡስ ደግሞ ያጥወለውላታል። የሚቀጥለውን አረፋ ያለ እሷ አሳለፍን። አባቴ መርቅ ቢባል፣ «እትዬ እያለች?» ብሎ እምቢ አለ። ምግቡ ሳይመረቅ ተበላ።

የሰፈራችን መካኒክ ጋሽ ተስፋዬ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ። «ሰይድ፣ መኪናህ ጫማዋ ጠቧት ነው። ሰፋ ያለ አድርግላት» አሉት። ያኔ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም። ከአሰብ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሾፌር ነው ያመጣልን። አባቴ አዲሱንና አሮጌውን ጎማ ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን አቁሞ ሲያስተያይ ዋለ። እኔም ጣቴን በአዲሱ ጥርስ ውስጥ እየከተትሁ አሸተትሁት። ከኋላ ካሰሩት በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን በዝናብ ኮምቦልቻ ወርደው ተመለሱ። አባቴ ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «ንቅንቅ አላለችም!»

አረፋ ሲቃረብ እኔና ጋሽ ተስፋዬም ተከትለነው አክስቴን ልናመጣ ሄድን። አባቴ ጎማዎቹን አሳያት። ጎንበስ ብላ በመዳፏ መታ መታ አደረገቻቸውና፣ «እሺ፣ እወጣለሁ። ግን ምያለሁ፤ ከፋራዬን ማውጣት አለብኝ» አለች። ከፋራ መሐላውን ያፈረሰ ሰው ድሆችን አብልቶ የሚወጣው ዕዳ ነው። ደሴ ደርሳ ልታበላቸው አስባ ኖሮ አንድ ጆንያ ጤፍና አንድ ሙክት ከጓሮ አስወጣች። አባቴ ጋሽ ተስፋዬን አየ፤ ጋሽ ተስፋዬም ጎማውን አዩ። የከፋራ እህል ይቅር አይባል። ጆንያው ከኋላ ወንበር፣ ሙክቱ ከእኔ እግር ሥር ገባ።

ሐረጎን ስንጀምር ከበስተኋላ ክርር የሚል ድምፅ መጣ። ቀጥሎ የተቃጠለ ጎማ ሸተተኝ። አባቴ ጥግ ይዞ አቆመ። ጋሽ ተስፋዬ ዝናቡ ውስጥ ተንበርክከው አዩና፣ «ጭነቱ ሲያወርዳት ጎማው ከላዩ ያለውን የፓራፋንጎ ቆርቆሮ እየነካ ነው። ባዶዋን ሞክረናት እኮ!» አሉ። አባቴ መሪውን እንደያዘ የአክስቴን እጅ ያይ ነበር። እጇ የበሩ መክፈቻ ላይ ነው።

«ተንሸራተተች?» አለች አክስቴ።

«አልተንሸራተተችም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን ያስደነግጥሃል?»

«ክብደት መቀነስ አለበት።»

አክስቴ እጇን ከበሩ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። «እኔ እንደሁ አልወርድም። ስንት ነገር ከፍዬ የወጣሁበትን! ሙክቱ ይውረድ።»

ጋሽ ተስፋዬ ሳቁ። «እናንተ የምታርዱትን፣ እኔ ክርስቲያኑ የማልቀምሰውን በግ ዳገት ልነዳ?»

«አንተ ተስፋዬ፣ ሽሮ አለልህ፤ ንዳ!»

«እርስዎ ብቻ ደህና ይቀመጡልኝ» አሉና ገመዱን ያዙ። እኔም አብሬያቸው ወረድሁ። ያቺ መኪና ያን ያህል ቀለል ስትል ክርክርታው ጠፋ። ከኋላ እየተከተልን፣ ቀድሞ ወደ ገደሉ የዞረችበትን ኩርባ በዝናቡ መሀል ቀስ ብላ ስትዞር አየን። መስመሯን አልለቀቀችም። በኋላው መስታወት የአክስቴ ሻሽ ቀጥ ብሎ ይታያል። እላይ ደርሰው ጠበቁን። አባቴ ከመኪናው ወጥቶ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ፣ ፊቱን በእጁ ይጠርግ ነበር። ዝናቡ ግን ያን ጊዜ አባርቶ ነበር።

በዚያ ዓመት ምርቃቱ ረጅም ነበር። ከበዓሉ በኋላ ጋሽ ተስፋዬ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በመዶሻ ወደ ውስጥ አጠፉት። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በየዓመቱ የፈለገችውን ጭና መጣች፤ ጎማውም አልነካም። ዛሬ ሦስቱም የሉም። መኪናዋም ለማን እንደተሸጠች አላውቅም።

ጎሚስታው መልሴን እየጠበቀ ነበር። «ከኋላ የምጭነው ሰው የለም። ብቻዬን ነኝ» አልሁት።

«እንግዲያ አይነካም። ሰፊው ይሁንልሽ።»

አሳስሬ ወደ ኮምቦልቻ ወረድሁ። ሐረጎ ላይ ዝናብ ያዘኝ። መኪናዋ ንቅንቅ አላለችም። ከኋላም ምንም ድምፅ አልነበረም።