የቀያሿ እረፍት

ባለቤቴ መንገድ ቀያሽ ናት። ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ሜዳው ላይ ችካል የምትተክለው እሷ ናት። እኔ ደግሞ የስፌት መኪናዬን ፒክአፕ ላይ ጭኜ ከፕሮጀክት ፕሮጀክት ስከተላት የኖርኩ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስት ባሏን ስትከተል ማንም ዞር ብሎ አያይም፤ ባል ሚስቱን ሲከተል ግን የካምፑ ሰው በሙሉ ወሬ አገኘ ማለት ነው። ገና ከመኪና ስወርድ "የቀያሿ ጓዝ መጣ" ይሉኛል። ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ጓዙ ደህና ገብቷል ብዬ እመልስላቸዋለሁ።

ያለፈው ፕሮጀክት ሲያልቅ አለቃዋ "ቀጣዩ እስኪጀመር አረፍ በይ" አላት። አረፍ ማለት ቀላል ነው፤ የት ነው የሚታረፈው? የራሳችን የምንለው ቤት የለንም። ስለዚህ አንድም ቀን ያልሠራችበትን ከተማ መረጠች። "መንገዱን ሌላ ሰው ስለሠራው አያንገበግበኝም" አለች። ሁለት ክፍል ተከራይተን ገባን። በነጋታው በር ላይ ቆማ የሰፈሩን ቦይ አየችና "ዝናብ ሲመጣ ውሃው በሙሉ ወደኛ ነው። ይሄን የቀየሰው ማነው?" ብላ ተቆጣች። እረፍቱ እንግዲህ በዚህ ተጀመረ።

ከዚያ በኋላ ተኛች። ትነሳለች፣ የቀዳሁላት ሻይ እስኪቀዘቅዝ ግድግዳ ታያለች፣ ተመልሳ ትተኛለች። ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ፀሐይ ላይ ሲያፈጡ የኖሩት ዓይኖቿ ያለ ምክንያት ያለቅሳሉ። "አሞሻል እንዴ?" ስላት፣ ሌላ ሰው ቤት የገባ ይመስል ዞር ዞር ብላ "ማንን? እኔን?" ትለኛለች። ደክሞኛል የሚል ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ሠራተኞቹም "እመቤት ችካል" ያሏት ያለ ነገር አይደለም። ካርቶኖቻችን ደግሞ እንደታሸጉ ግድግዳ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ባየኋቸው ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ካምፕ ለካምፕ የሚዞር ልብስ ሰፊ አሠራሩ ሌላ ነው። ሙሉ ልብስ አይቀበልም። ዚፕ ይቀይራል፣ ሱሪ ያሳጥራል፣ የተተረተረ ይሰፋል፤ ጠዋት መጥቶ ማታ የሚሄድ ሥራ ብቻ። የሰው ጨርቅ ቆርጠህ፣ ባለቤቱን ለሙከራ ሳትጠራው ፒክአፑ ከች ቢልስ? በዚህ ምክንያት ዕድሜዬን የሰው ዚፕ ስቀይር ኖርኩ። ኮት መስፋት እችል እንደሆነ እንኳ መጠራጠር ጀምሬ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከላይ ቤት የሚኖሩት ጡረተኛ ሹፌር ጨርቅ ታቅፈው መጡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

"ወንድሜ፣ ኮትና ሱሪ ነው። ለሠርጉ ይደርሳል?"

አይደርስም ማለት ነበረብኝ። "ይደርሳል ጋሼ" አልኩ። ልካቸውን ወሰድኩ፣ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፣ በጠመኔ አሰመርኩና ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ብዬ ቆረጥኩት።

ባለቤቴ ከእንቅልፏ ተነስታ መጣች። የተቆረጠውን እጅጌ አነሳችና መልሳ አስቀመጠችው።

"ሙሉ ልብስ ነው?"

"ሙሉ ልብስ ነው።"

"አንተ ሰውዬ፣ ሳታማክረኝ?"

"አንቺ ውል ስትፈርሚ አማክረሽኝ ታውቂያለሽ?"

ስንት ዓመት የዋጥኩትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። እንደማልሄድ ነገርኳት። የሚመጣው ካምፕ ይጨርስሻል አልኳት። ካልቀረሽ ብቻዬን እቀራለሁም አልኩ። ይህን ስል ግን ልቤ ከዳኝ፤ እሷ በሌለችበት ቤት ምን እንደምሠራ አላውቅም። እሷ ገብታ ተኛች። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አላነሳንም፤ እኔ እሰፋለሁ፣ እሷ ትተኛለች፣ ስልኳ በጮኸ ቁጥር ሁለታችንም እንደነግጣለን።

አለቃዋ የደወለው ሹፌሩ ኮታቸውን ሊሞክሩ በመጡበት ቀን ነው። እኔ ትከሻቸው ላይ እስፒል እየሰካሁ ነው። ሰውዬው ሲያወራ ስለሚጮህ ድምፁ ከስልኩ አልፎ እኛ ጋ ይደርሳል።

"የድልድዩ ሥራ ጸድቋል። ሰኞ መኪና እልክልሻለሁ። ያላንቺ አይጀመርም።"

ከንፈሬ መሀል የያዝኩትን እስፒል ነክሼ ቀረሁ።

"አልመጣም" አለች።

"ምነው? ሌላ ድርጅት ወሰደሽ?"

"አይ።"

"እና ምን ሆነሽ ነው?"

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ደክሞኛል" አለች። "በጣም ደክሞኛል።"

ሰውዬው ምን እንደመለሰላት አልሰማሁም። ሹፌሩ ኮቱን ከነእስፒሉ ቀስ ብለው አውልቀው፣ "ነገ ብመለስ ይሻላል" ብለውኝ ወጡ። ሰው የሚገባቸው ሰው ናቸው።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እሷ ስልኩን ይዛ ክፍሉ መሀል ቆማለች። ምን ልበላት እያልኩ ክር ስጠቀልል፣

"ለእኔም ቀሚስ ስፋልኝ" አለች። "ቤት የሚዋልበት።"

"እሺ። ልክሽን አውቀዋለሁ።"

"ለካኝ ስልህ ለካ።"

እጆቿን ከፍ አደረገች። ሜትሩን ወገቧ ላይ አዞርኩ። በማውቀው ቁጥር ላይ ላላ። ሳብኩት፤ አሁንም ላላ። እንደገና ሳብኩት። ሁልጊዜ ያንን ሰፊ የሥራ ቱታ ነው የምትለብሰው፤ እኔም ሌሊት ሌሊት ጎኗ እየተኛሁ፣ ሰውነቷ እንዲህ ሲያልቅ አላየሁም።

"ስንት መጣ?"

"ያው እንደ ድሮሽ ነው።"

አጎንብሳ ሜትሩ ላይ ጣቴ ያረፈበትን አየች። ዕድሜዋን በሙሉ ሜትር ስታነብ የኖረች ሴት ናት።

"እሺ" አለች ቀና ብላ። "እንደ ድሮዬ አድርገህ ስፋው። እሞላዋለሁ።"