የፈለግሁት ተጎታቹን ነበር

ይህን ለሚስቴም አልነገርኩም። ቤተ ክርስቲያን ንስሐ በገባሁ ቁጥርም ይህቺን እዘላታለሁ። ዛሬ ግን መቀመጥ አቅቶኛል፤ ስሙኝ።

እኔ ሆሳዕና ውስጥ ድንች ነጋዴ ነኝ። ለፒካፔ ተጎታች ስፈልግ አንድ ደላላ ጊምቢቹ ከተማ የሚኖሩትን ጋሽ ላሚሶን ጠቆመኝ። በወጣትነታቸው ላንጋኖ ለአንድ ፈረንጅ ሠርተዋል፤ በሸራ በምትሄድ ትንሽ ጀልባ አብረው እየተወዳደሩ ስንቱን ቀድመዋል። ፈረንጁ አገሩ ሲገባ ጀልባዋን ከምትጫንበት ተጎታች ጋር ተወላቸው። ኋላ ዓይናቸው ሲደክም ሊሸጧት ፈለጉ፤ ግን ውሃ ላይ ለሚያወጣት ሰው ብቻ። ከእኔ በፊት የሄደው ገዢ የሚፈልገው ተጎታቹን ብቻ እንደሆነ እውነቱን ቢነግራቸው «በሰላም ሂድ ልጄ» ብለው ሸኙት።

እኔስ? እኔማ ይህን ሰምቼ ነው የሄድኩት! ቦዮ ሐይቅ ላይ አንሳፍፋታለሁ አልኳቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ከሰዓቱን ሙሉ የሸራውን ገመድ አስተሳሰር ሲያሳዩኝ ራሴን እየነቀነቅኩ ዓይኔ ጎማው ላይ ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በገዛኋት ማግስት ጀልባዋን ከተጎታቹ አውርጄ ሆመቾ ላለ ከብት አርቢ ሰጠኋት፤ ላሞቹን ያጠጣባታል። ጋሽ ላሚሶ ግን ይደውላሉ። «ነፋስ አገኘች ወይ?» ይሉኛል። እኔ ድንች እየጫንኩ «ኧረ ትበራለች ጋሼ!» እላለሁ። አንድ ቀን ብቻ ውሰደኝ አሉኝ። ክረምቱ ይውጣ አልኩ፤ ክረምቱ ሲወጣ ፒካፑ ተበላሸ አልኩ። ዋሸሁ፣ ደግሜ ዋሸሁ። ወስጄ የማሳያቸው ምን ነበረኝ?

ሳይሄዱ ሞቱ። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው አስቴር አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «አባዬ በአንተ ነው ደስ ብሎት የሞተው፤ የነገርከውን ለመጣ ሰው ሁሉ ይተርክ ነበር» አለችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ተነሥቼ እንድናገር ለመኑኝ። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። እኔ ግን ቆሜ ስለ ቦዮ ነፋስ ተናገርኩ! ሰዉም «ጌታ ይባረክ» አለ።

አሁን አስቴር ልጆቿን ይዛ ቅዳሜ ቦዮ ልትመጣ ነው፤ አያታቸው የነገሯቸውን ጀልባ ሊያዩ። ከጠዋት ጀምሮ ትደውላለች። እናንተ ይቅር ብትሉኝ ምን ይጠቅመኛል? የበደልኩት እናንተን አይደለም። ተቸግሬ ነው፣ ለልጆቼ ብዬ ነው አልልም፤ ሳልቸገር ነው ያደረግኩት። ይኸው፣ ስልኩ እንደገና ጠራ። ላነሳው ነው። ሰላም ካለችኝ በኋላ ግን ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም።