አባቴ ዜሮ ያስጻፈኝ በልግ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ነገሌ ላይ ስንት ዝናብ እንደጣለ ለይቶ የሚያውቀው አባቴ ነበር። መምህር ነው፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለውን የዝናብ መለኪያ በየጠዋቱ ያነብና ቁጥሩን ደብተር ላይ ያሰፍራል። ያን ዓመት በልጉ ቀርቶ ደብተሩ በዜሮ ተሞላ፤ አባቴም ከቀን ወደ ቀን ዝምተኛ እየሆነ ሄደ።

አንድ ማለዳ ጥቂት አካፋ። ከእሱ ቀድሜ ሮጥኩና በጣሳ የያዝኩትን ውሃ መለኪያው ውስጥ ጨመርኩበት። ደስ እንዲለው ብዬ ነው፤ ደስም አለው።

ምሽት ምሽት ጎረቤታችን ኦቦ ጃርሶ እሳታችን ዳር ተቀምጠው ያወጉን ነበር። ከብቶቻቸውን ልጆቻቸው ውሃ ፍለጋ ወደ አሬሮ ነድተዋቸዋል። ያን ምሽት አባቴ ቁጥሩን ሲነግራቸው ፊታቸው በፋኖሱ ብርሃን ፈካ።

«እንግዲያው ነገ በሚሄደው መኪና ልጆቼን ተመለሱ ብዬ እልክባቸዋለሁ» አሉ።

ከዚያ ፍሙን እየቆሰቆሱ፣ አማርኛውን ከኦሮምኛው እየቀላቀሉ፣ የወጣትነታቸውን ነገር አነሱ። ያኔ በድርቅ መካከል አንድ ቀን ዶፍ ወርዶ፣ ታናሽ ወንድማቸው ዝናቡ ገባ ብሎ መንጋውን ወደ ቤት ነዳ። ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልወረደም፤ ላሞቹ ሣር በሌለበት መንገድ ላይ አንድ በአንድ ወደቁ። ወንድማቸው እስኪሞት ድረስ ደመና ሲያይ ፊቱን ያዞር ነበር አሉ።

«አባባ» አልኩ። «ውሃውን የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

አባቴ እጁን ሲያነሳ ኦቦ ጃርሶ ያዙት።

«ተው መምህር፣ ከብቶቹ ገና አልተነሱም። ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እንኳን ዛሬ ተናገርሽ፤ ነገ ቢሆን መንገድ ላይ ነበሩ።»

አባቴ ደብተሩን አውጥቶ ቁጥሩን ሰረዘው። ምን እንደሚተካበት ግን ጠፋው፤ ማካፋቱን አካፍቶ ነበርና። በመጨረሻ «አልታወቀም» ብሎ ጻፈ።

በማግስቱ ወደ መለኪያው አብሬው እንድሄድ ጠራኝ። ደረቅ ነበር። ብዕሩን ሰጠኝና «ያየሽውን ጻፊ» አለኝ።

ዝናቡ የመጣው ከሳምንታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ በየጠዋቱ ዜሮውን የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የኦቦ ጃርሶ ከብቶች ከስተው፣ ግን በእግራቸው ተመለሱ።

ዛሬ ሰዎች የነገሌ ዝናብ ቀነሰ፣ የለም ጊዜውን ለወጠ እንጂ አልቀነሰም እያሉ የዘመናቱን መዝገብ አውጥተው ሲከራከሩ፣ እኔ አዳምጣለሁ። ከዚያ ሁሉ ቁጥር መካከል የእኔ ዜሮዎች አሉበት። ብዙዎቹን እያለቀስኩ ነው የጻፍኳቸው።