እኅቴ አቶ ስንታየሁ

ስንታየሁ የሚለው ስም ለወንድም ለሴትም ይወጣል፤ ታላቅ እኅቴም በዚሁ ትጠራለች። ልቧ ድንገት እንደ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ እየተወነጨፈ ትንፋሽ ሲያሳጣት ሁለት ዓመት አለፈ። ጉለሌ ውስጥ ያልረገጥነው ክሊኒክ የለም፤ መልሱ ግን እንደ ዳዊት የሚደገም አንድ ቃል ነበር፦ «ጭንቀት ነው፤ እረፍት አድርጊ።» ሐኪሞቹ ሕመሙን ሳይሆን ሴትነቷን አይተው የሚፈርዱ መሰለኝና ጥርጣሬ አደረብኝ።

ባለፈው ወር በአንድ አዲስ ክሊኒክ የልብ ምቷ በመሣሪያ ተለካ። በማግስቱ ውጤቱን ልንሰማ አብረን ገባን። አረጋዊው ሐኪም ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ እኔን በርኅራኄ ተመለከቱኝ።

«አቶ ስንታየሁ፣ ይኼ የሚናቅ ነገር አይደለም። የልብዎ ምት ተዛብቷል። ዛሬውኑ ለልብ ስፔሻሊስት ሪፈር እጽፍልዎታለሁ።»

አንገቴን አስግጌ ካርዱን አየሁ፤ ጾታ በሚለው ፊት «ወንድ» ተብሏል። የሌላ ሰው ውጤት ይሆን ብዬ ተጠራጠርኩ፤ ዕድሜውና ስልክ ቁጥሩ ግን የእኅቴ ናቸው።

«ዶክተር፣ ታማሚዋ እርሷ ናት» አልኩ።

መጻፍ የጀመረው እስክሪብቶ ቆመ። ሐኪሙ እኅቴን ሽቅብ ቁልቁል አዩአት፤ ድምፃቸውም ለሰለሰ።

«የኔ ልጅ፣ ሰሞኑን የሚያስጨንቅሽ ነገር አለ?»

«አለ እንጂ ዶክተር» አለች ስንታየሁ፤ «ወንድ ሳለሁ ሊጽፉልኝ የነበረው ሪፈር እንዳይቀርብኝ።»