በቀይ እስክርቢቶ ልክ የተባለ ወረቀት

ነሲባ ኮምፒውተር ሳይኖራት የኮምፒውተር አስተማሪ የሆነች ጉድ ናት። የመርሳ ሰው "በሬ ሳይኖራት ታርሳለች" እያለ ይቀልድባታል። ገና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። ኮዲንግ የተማረችው ወልድያ በአንድ ክረምት ሥልጠና ሲሆን፣ የተማረችባቸው ላፕቶፖች ጦርነቱ ከተማው ሲገባ ተዘርፈው ቀሩ። እሷ ግን እልኸኛ ናት። በ2014 ክረምት የሰፈሩን ልጆች ሰብስባ በወረቀት ማስተማር ጀመረች። በካሬ የተከፋፈለ የመርሳ ካርታ ትስልላቸዋለች፤ እነሱ ለሮቦት ትእዛዝ ይጽፋሉ፤ ከመካከላቸው አንዱ ሮቦት ሆኖ በትእዛዙ ይሄዳል።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ ጦርነቱ ሊያገረሽ ነው የሚል ወሬ ከተማውን ወጥሮ ያዘው። ኬላው በዛ፤ ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስል ጀመር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ የአሥር ዓመቷ ተማሪዋ ሁሪያ እያለቀሰች መጣች።

"አባቴን ኬላው ላይ ያዙት! የቤት ሥራዬን ባጃጁ ውስጥ አገኙት!"

የሁሪያ አባት ሲራጅ ከመርሳ ወደ ግራና ከተማ የሚመላለስ ባለባጃጅ ነው። ነሲባ ወረቀቱን በቃሏ ታውቀዋለች፤ "ከመናኸሪያ ተነስ። አራት እርምጃ ወደፊት። ወደ ግራ ዙር። ሦስት እርምጃ ወደፊት። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ቁም።" ከግርጌው በቀይ እስክርቢቶ "ልክ ነው!" ብላ ፈርማበታለች። ለጠርጣሪ ሰው ይህ የጥቃት እቅድ ነው፤ ያጸደቀችውም እሷ።

"አትሄጂም! አንቺንም ያስቀሩሻል" ብላ እናቷ በሩ ላይ ቆመችባት። ነሲባ ፈራች። ግን የሁሪያን እጅ ይዛ ወጣች።

ኬላው ላይ ሲራጅ እጁን ታስሮ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። የጠባቂዎቹ አለቃ፣ ሽበታሙ ጋሽ ዘውዱ፣ ወረቀቱን ዘረጉላት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ኮድ ነው፣ ጋሼ።"

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ታጣቂዎቹ ጠመንጃቸውን ጨበጥ አደረጉ።

"ሰማችሁ? በገዛ አፏ ኮድ አለች!" አለ አንዱ።

"የምስጢር አይደለም! የልጆች ትምህርት ነው፣ ወላሂ! ካርታውን መሬት ላይ ልሳልልዎት፤ በወረቀቱ ሰው ያስኪዱና ይዩት።"

ጋሽ ዘውዱ አፍጥጠው አዩዋት። "ከዋሸሽ አብረሽው ትቀመጫለሽ። በይ ሳዪ።"

በእንጨት ጭቃው ላይ ካሬዎቹን ሳለች፤ መናኸሪያውን፣ ድልድዩንና ወፍጮ ቤቱን ምልክት አደረገችባቸው። አንድ ታጣቂ ፊቱን ወደ ካርታው ግርጌ አዙሮ መናኸሪያው ላይ ቆመ፤ ጋሽ ዘውዱ አነበቡለት። አራት ሄደ። ወደ ግራ ዞረ። ሦስት ሄዶ ቆመ። ነሲባ ያለበትን ካሬ ስታይ ክው አለች። ሰውዬው የቆመው ወፍጮ ቤቱ ላይ ነው። ከካርታው ወደ ታች የሚወርድ ሰው ግራው ለአንባቢው ቀኝ እንደሚሆን ሁሪያ ረስታዋለች። ነሲባም ደብተር በዝቶባት በችኮላ አርማ ልክ ብላዋለች።

"የታል ድልድዩ?" አሉ ጋሽ ዘውዱ።

ፊቷ በሀፍረት ጋለ። "ስህተት ነው፣ ጋሼ። ልጅቱ ግራና ቀኝ ተምታቶባት ነው። እኔም በቅጡ ሳላይ ልክ ነው ብዬ ፈረምኩ። አስተማሪዋ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሮቦት የሆነው ታጣቂ ሳቁን ለቀቀው። "ምን ዓይነት ሰላይ ነው፣ ድልድይ ሲሉት እህል ሊያስፈጭ የሚሄድ!"

ጋሽ ዘውዱ አልሳቁም። ወረቀቱን ቀደዱና "ፍቱት" አሉ። "ሁለተኛ ካርታ የሚባል ነገር እንዳላይ።"

ሲራጅ "አልሐምዱሊላህ" እያለ የተላጠ የእጅ አንጓውን አሻሸ። ነሲባ እንባዋ መጣ። "አፉ ይበሉኝ፣ ጋሽ ሲራጅ።"

"አፉ ብያለሁ፣ ልጄ። ነገም እልካታለሁ። ብቻ ድልድይ የሌለው አገር ሳዪላቸው" አላት።

ሁሪያ ግን የተቀደደውን ወረቀት ከጭቃው እየለቀመች ቀና አለች።

"ልክ ነው ስላልሽኝ እኮ ነው አባቴ ሰው ሁሉ እንዲያየው ባጃጁ ውስጥ የለጠፈው" አለቻት።

ነሲባ ጎንበስ ብላ የቀረውን ቁራጭ አብራት መልቀም ጀመረች።