ጸጉሬን እጨዱ፣ እግሬን ተዉ

ልጅ ሳለሁ፣ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ሲል፣ አያቴ አባባ ሰይድ ሲመሽ ደጅ ላይ ቁርበት አንጥፈው ተረት ያወሩልን ነበር። ለወባ ትንኝ የምናጨሰው ኩበት ዓይናችንን ያቃጥለናል፤ ያኔ መብራት አልገባልንም፣ የሚያበራልን ፍሙና አንዲት ፋኖስ ነበሩ።

አባባ ሽንኩርት በአህያ ጭነው ዳገቱን ወደ ደብረ ሲና ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ለሻይና ለሽሮ የሚሆን ጦስኝ ያመጣሉ። ጦስኝ ብርድ ካላገኘ አይበቅልም፤ ቆላችንን እንቢ ብሏል።

በአሥር ዓመቴ ይዘውኝ ወጡ። ጦስኙ በገደሉ አፋፍ ላይ መሬት ለመሬት ተነጥፏል፤ ቅጠሉ ከምስር አይበልጥም፣ አበባው ሐምራዊ ነው። ስረግጠው ሽታው ተነስቶ አወደኝ። አባባ በማጭድ ላይ ላዩን ያጭዳሉ። እኔ ግን ጆንያዬ ቶሎ እንዲሞላ ብዬ፣ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ዝናብ ካራሰው አፈር ከነሥሩ እየነቀልኩ አጨቅሁት።

በማግስቱ ምሽት ተረቱን ጀመሩ። ነፋስ ጽድን «ስገድልኝ» አለው፤ ጽድ እንቢ ብሎ ተሰበረ። ወደ ጦስኝ ሲዞር ጦስኝ፣ «እኔ ድሮም ተኝቻለሁ። ብትረግጠኝ እሸታለሁ፣ ብታጭደኝ አቆጠቁጣለሁ። ጸጉሬን ውሰድ፣ እግሬን ግን ተው፤ እግሬ የተነቀለ ቀን አፈሩም ተከትሎኝ ይሄዳል» አለው።

ሁላችንም ሳቅን፤ ከሁሉ ጮክ ብዬ የሳቅሁት እኔ ነበርኩ። አባባ እጄን ይዘው አሸተቱትና፣ «የአጫጅ እጅ ጦስኝ ጦስኝ ይላል። ያንቺ አፈር አፈር ይላል፣ የኔ ሸጋ» አሉኝ። እኔም ነቀልኩ አላልኩም። «አፉ በሉኝ» ሳልላቸው ሞቱ።

ይባስ ብዬ፣ አድጌ ሻይ ቤት ስከፍት ለዓመታት የተነቀለ ጦስኝ ገዛሁ፤ እስሩ ወፈር ይላላ! ባለፈው ክረምት ያን አፋፍ ሄጄ አየሁት። የቀረው ድንጋይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሥር ያለውን እስር ሁሉ እመልሳለሁ። ጦስኝ የሚያመጣልኝ ነጋዴ ይስቅብኛል።

«እትዬ ዘሃራ፣ ሥሩም እኮ ይሸታል!»

«እንግዲያው ወስደህ መልሰህ ትከለው!»

«ሰፈሩ ሁሉ ይገዛኛል። እርስዎ ብቻዎን ምን ሊያመጡ?»

ምንም አላመጣ ይሆናል። የታጨደው ሲጠፋ ደንበኞቼም «ጦስኝ የሌለው ሻይ!» እያሉ ወደ ጎረቤት ይሄዳሉ። ይሂዱ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ለአባባ ያልነገርኳቸውን እናገራለሁ፤ ያን አፋፍ ካራቆቱት እጆች ሁለቱ የእኔ ናቸው። እነዚህ እጆች ግን፣ ብቻዬንም ብቀር፣ ከእንግዲህ ሥር አይቀበሉም።