አባቴ የዳኘው የፈረንሳይ ልብ ወለድ

አባቴ አስታራቂ ነው። በአንኮበር ዙሪያ ደም የተቃቡ፣ ድንበር የተጋፉ፣ ትዳራቸው የፈረሰ ሁሉ እሱ ፊት ቀርበዋል። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብሎ ይጀምርላቸዋል፤ ሰው ያለቅሳል፣ ይሳሳማል። ከገዛ ወንድሙ ጋር ግን ሳይነጋገር ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። ይህን ጉዳይ እፊቱ ለማንሳት የደፈረ ሽማግሌ እስካሁን አልተወለደም።

ያኔ አንድ ሰው «ጠመንጃ ደብቋል» ብሎ ለመንግሥት ጠቆመና አባቴ ስምንት ወር ታሰረ። ጠቋሚው አጎቴ ነው ብሎ አመነ፤ ማስረጃ አልነበረውም። ጠመንጃው በእርግጥ ነበር፤ አባቴ ግን ይህንን እንደ ጥቃቅን ነገር ነው የሚያየው።

ዘንድሮ ዓይኑን ሞራ ጋርዶት ደብረ ብርሃን መጥቶ ታከመና እኔ ቤት ተቀመጠ። አንዱ ዓይኑ በፋሻ ታሽጓል፣ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። አጎቴ ደግሞ ጫጫ ከተማ ከቤቱ ታሞ ተኝቷል፤ ሐኪሞቹ «ውሰዱት፣ እንግዲህ ጸልዩለት» ብለዋል። አጎቴን እወደዋለሁ። ሳይታረቁ ቢሞት ለቅሶው ላይ ከማን ጎን እንደምቆም አላውቅም ነበር። በመካከላቸው ያለው የአንድ ሚኒባስ መንገድ ነው። «አባባ፣ እንሂድና እንየው» ማለት ሲገባኝ፣ የተማርኩ ሰው ነኝና ዘዴ አሰብኩ።

መደርደሪያዬ ላይ ወደ አማርኛ የተመለሰ አንድ ወፍራም የድሮ የፈረንሳይ ልብ ወለድ አለ። ወንድም ወንድሙን «የንጉሡ ጠላት ነው» ብሎ በስውር ደብዳቤ ያሳብቅበታል። የተከሰሰው በመርከብ ያመልጣል፣ ከሽፍቶች ጋር ይውላል፣ ለሚኒስትሮች ይሰልላል፤ አብዮት ሲፈነዳ ሊበቀል ይመለሳል። እያነበብኩ አባቴን ቀስ አድርጌ ላለሰልሰው ነው። ዓይኑ የታሰረ ሰው ደግሞ የት ይሄዳል?

ምስኪኑ ደራሲ ግን አንኮበር ችሎት እንደሚቀርብ አላወቀም ነበር። አባቴ በየገጹ ያስቆመኛል።

«ቆይ። ደብዳቤውን ሲጽፍ ያየው ሰው አለ?»

«የለም፣ አባባ።»

«ታዲያ ይሄ ሰውዬ ወንድሙ መሆኑን በምን አወቀ?»

«ጠርጥሮ ነው።»

«በጥርጣሬ ብቻ ይሄን ሁሉ ዓመት ቂም ያዘ? ጅል ነው።»

ይህን ያለው ከልቡ ነው። እኔም አክብሬው ገጹን ገለጥኩ።

«ሽማግሌ አልላኩም?» አለኝ በሌላ ቀን።

«ፈረንሳይ አገር ሽማግሌ አይላክም።»

«የንስሐ አባትስ የላቸውም?»

«ቄሱ ሰላይ ነው።»

ትንሽ አሰበና «እንግዲያ አገሩ ጠፍቷል» አለ።

መጨረሻው ሲቃረብ ፈራሁ። መጽሐፉ ውስጥ ተበቃዩ ወንድሙን ያስገድለዋል። ስለዚህ ዓይኔን ገጹ ላይ ተክዬ ከራሴ እየፈጠርኩ ማንበብ ጀመርኩ። ተገናኙ፣ ተቃቀፉ፣ ይቅር ለእግዚአብሔር ተባባሉ። ትንሽ ብቆይ ጠላ ላቀርብላቸው ነበር።

«ይሄ ውሸት ነው» አለ አባቴ በእርጋታ። «ዕድሜዬን ሙሉ የሐሰት ምስክር ስሰማ ኖሬአለሁ። የተጻፈውን አንብብ።»

አነበብኩ። ወንድምየው አደባባይ ላይ ተገደለ። ባለድሉ ወደ አባታቸው ቤት ገብቶ ብቻውን ተቀመጠ።

«ከዚያስ?»

«አለቀ።»

«ልጅነቱን የሚያውቅለት ሌላ ሰው አለ?»

«የለም፣ አባባ። ሁሉም ሞተዋል።»

ምሳውን በላ። ከዚያ ጋቢውን ደረበና ዱላውን አነሳ። «ተነስ፣ ጫጫ ውሰደኝ» አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስጠብቀው የነበረውን ቃል በሰማሁ ጊዜ እኔ ብልሁ ምን አልኩ? «ሐኪሙ አቧራ ከልክሎሃል እኮ።» እሱ በዱላው በሩን እየፈለገ ነበር።

አጎቴ በጣም ከስቶ ነበር። አባቴን ሲያይ ሊነሳ ሞከረና አቃተው። በሚኒባሱ ውስጥ ያሰናዳሁት የእርቅ ንግግር ነበረኝ፤ የጠየቀኝ የለም።

«ጋሼ» አለ አጎቴ፣ «የጠቆምኩህ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ። «ጠጋ በል፣ ልቀመጥ።»